የይማም ቀኝ እጅ

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜህ ልብህ እንደ ጎረምሳ ልብ ዘሎ ከአፍህ ሊወጣ ይደርሳል ያለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስቄ ነበር የምሸኘው። ግን ሆነ! ያውም ባሕር ላይ ሳይሆን ጣና ላይ፣ ያውም በእጅ በሚዞር አሮጌ ዊንች።  

መጀመሪያ ማን እንደነበርሁ ልንገራችሁ። አስማረ እባላለሁ። የተወለድሁት መሸንቲ አጠገብ ነው። በሃያ ዓመቴ አሰብ ወረድሁ፤ ጆንያ ተሸከምሁ፤ ከዚያ የጭነት መርከብ ላይ ተቀጥሬ ዊንች ነጂ ሆንሁ። ዊንች ዕቃውን ከመርከቡ ሆድ በሽቦ ገመድ እየጎተተ የሚያወጣው ማሽን ነው። ያኔ ኮንቴይነር የሚባል ነገር እኛ ዘንድ አልደረሰም ነበር። ስንዴው በጆንያ፣ ብረቱ በጥቅል፣ መኪናው እንዳለ፣ ሁሉም በሰው እጅና በገመድ ነበር የሚወጣው የሚወርደው። አንድ መርከብ ለማራገፍ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

አቤት አሰብ! በቀትር የመርከቡ ብረት እጅ አያስነካም። ተሸካሚዎቹ በዜማ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ሁሉ እየተቀበለ ጆንያውን ከትከሻ ትከሻ ያሳልፋል። የቡናው ሽታ፣ የጨዉ ሽታ፣ የናፍጣው ሽታ አንድ ላይ ነው። ማታ ማታ ሻይ ቤቱ ውስጥ በቋንቋ የማይግባባ የአገሩ ሁሉ መርከበኛ በእጁ እያወራ ይስቃል። ለሳምንታት ወደብ ላይ ስለምንከርም የሻይ ቤቱ ባለቤት የሁላችንንም የእናት ስም ያውቅ ነበር። ዛሬ ትልልቁ ሳጥን በክሬን ተነሥቶ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ያልቃል አሉ። መርከበኛውም ከወደቡ ሳይተዋወቅ ይሄዳል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዊንች ነጂ ዕቃው ያለበትን ጉድጓድ ከተቀመጠበት ቦታ ሆኖ ማየት አይችልም። ዓይኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመው ምልክት ሰጪ ነው። ሌባ ጣት ወደ ላይ ተቀስሮ ሲሽከረከር፣ አንሳ። ወደ ታች ተቀስሮ ሲሽከረከር፣ አውርድ። የተጨበጠ እጅ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ቁም። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፤ ከዚያ እጅ በቀር ማንንም አትስማ። ካፒቴኑ ቢጮህ፣ የወደቡ ካቦ፣ የሥራ አለቃው፣ ቢሳደብ፣ እናትህ ከመቃብር ተነሥታ ብትጠራህ አትስማ!

የኔ ዓይን ይማም ነበር። የወሎ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሥራ ላይ አፉን የማይከፍት። በእሱ ምልክት አንድ ኩንታል ስኳር አውርደህ ብርጭቆ ላይ አሳርፍ ቢሉኝ አሳርፍ ነበር። መርከቡ ላይ ከካፒቴኑ ቀጥሎ የሚከበር ሰው ነበር፤ ራሱም ያውቀዋል፤ አካሄዱ ላይ ይታይ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጆንያ የሞላ መረብ እያወጣን ሽቦው ከጉድጓዱ ጠርዝ ብረት ጋር ተያዘ። ይማም ግራ እጁን ጨብጦ «ቁም» አለኝና በቀኙ ሽቦውን ሊያላቅቅ ጎንበስ አለ። ቆምሁ። ካቦው ከታች ከወደቡ «አንሳ እንጂ! ምን ይገትርሃል? ሌላ መርከብ እየጠበቀ ነው!» ብሎ አንባረቀ። አልሰማሁትም። ደገመው። በሦስተኛው ግን እጄ ታዘዘለት። ሽቦው ተወጠረ፤ የይማም ቀኝ እጅ በሽቦውና በብረቱ መካከል ነበር። ሌባ ጣቱ ከሥሩ፣ መሐል ጣቱ ከአጋማሹ ሄደ።

አለቆቹ ሲጠይቁኝ ምን እንዳልሁ ልንገራችሁ። «አንሳ ብሎኝ ነው» አልሁ።

እባረራለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ይማም ራሱን ስቶ ስለነበር የሆነውን አያስታውስም፤ እኔን ደግሞ ያምነኛል። «ሳላውቀው ጣቴን አንሥቼ ይሆናል» አለ። ከምልክት ሰጪነት አውርደው ወጥ ቤት አስገቡት። መርከቡን ለቅቀን አገር ቤት እስክንገባ ድረስ ሽንኩርት ሲከትፍ ኖረ። ይህን ነገር ለሟች ሚስቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም።

ዛሬ ከልጄ ጋር ባሕር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ነው የምኖረው። ይማምም አማቹ ባሕር ዳር ኮሌጅ ስለሚያስተምር እዚሁ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። በየጠዋቱ እኔ በባጃጅ፣ እሱ በእግሩ እየመጣን ጣና ዳር ጀልባ መነሻው ላይ እንገናኛለን። ሻይ እየጠጣን የሰዉን ጭነት እንተቻለን፤ ያንዱ ገመድ ላልቷል፣ ያንዱ ጀልባ ወደ ግራ ከብዷል። በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ እነሣለሁ፤ በየቀኑ ሻዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ።

ባለፈው በጋ አንድ ጠዋት ዳኛቸው የተባለ የደቅ ደሴት ሰው የብረት ጀልባው ላይ የወፍጮ ሞተር አስጫነ። ሞተሩን ክሬን ያለው መኪና አንሥቶ አስቀመጠለት። የደሴቲቱ ወፍጮ ከተበላሸ አምስት ወር ሆኖታል፤ ሰዉ እህሉን በጀልባ ባሕር ዳር ድረስ እያመላለሰ ነው የሚያስፈጨው። እንዲህ ያለ ዕቃ ስናይ እኔና ይማም ዝም ማለት አንችልም።

«ዳኛቸው፣ ደቅ ስትደርስ በምን ልታወርደው ነው?» አልሁት።

«በሰው ነዋ፣ ጋሸ አስማረ። አርባ ጎልማሳ ይጠብቀኛል።»

ይማም የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እርጥብ ድንጋይ ላይ ቁመው? አንዱ ካዳለጠው ሞተሩ ከነሰዉ ውሃ ይገባል፤ ወላሂ!»

«እርስዎ የተሻለ ካወቁ ይምጡና ያውርዱልን እንግዲህ» አለ ዳኛቸው እየሳቀ።

ለቀልድ ነበር ያለው። ይማም ግን ብድግ ብሎ ሱሪውን አራገፈና «አስማረ፣ ተነሥ» አለኝ። ኧረ ጉልበቴ ከየት መጣ! ከአንድ ጋራዥ የእጅ ዊንችና ሽቦ ገመድ ተዋስን፤ ሦስት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ጭነን ወጣን። ለልጄ ስደውልላት «አባባ፣ የደም ግፊት መድኃኒትህን ይዘሃል?» አለችኝ። ይዣለሁ ብዬ ዋሸኋት። ይማም ጀልባዋ ፊት ላይ ቆሞ ጣናን ያያል፤ ነፋሱ ጋቢውን ያርገበግበዋል፤ እኔ ከኋላው ሆኜ ዛሬ ደቅ ላይ እነግረዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልሁ።

ደቅ ስንደርስ አገሩ ሁሉ ዳርቻው ላይ ወጥቶ በእልልታ ተቀበለን። የወፍጮው ኮሚቴ ሰብሳቢ መምሬ አየነው የተባሉ ቄስ ናቸው፤ መስቀላቸውን አሳልመው «እናንት ናችሁ ባለሙያዎቹ?» አሉን። እኔ አቀረቀርሁ፤ ይማም ግን «በሥራው ሰዓት ማንም ድምፅ እንዳያሰማ ይገዝቱልን» አላቸው። ሳቁና ሕዝቡን ዝም በሉ አሉ።

ሦስቱን ግንዶች ጫፋቸውን አስረን፣ ሁለቱን እግር ውሃ ውስጥ፣ አንዱን ዳርቻው ላይ ተከልን። ከጫፉ ሽቦው የሚዞርበትን ፑሊ ሰቀልን። ዊንቹን ከውሃው ሃያ እርምጃ ርቆ ካለ ወፍራም ዛፍ ጋር ጠፈርነው። ለወፍጮ ቤቱ ማሠሪያ የተከመረ ድንጋይ በመካከል ስለነበረ ጀልባዋም ሞተሩም አይታየኝም። የሚታየኝ የግንዶቹ ጫፍና፣ ውሃው ዳር ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ የቆመው ይማም ብቻ ነው። ልክ እንደ ድሮው! ሐሳባችን ሞተሩን ከጀልባዋ ላይ ብድግ ማድረግ ነው፤ ጀልባዋ ወደ ኋላ ትወጣለች፤ ዳኛቸው ውሃው ውስጥ ገብቶ ከሥሩ ግንድ ይደረድራል፤ ከዚያ ግንዱ ላይ እናሳርፈዋለን። ወደ ላይ አርባው ጎልማሳ ይጎትተው።

ይማም ግራ እጁን አነሣ። ጣቱ ወደ ሰማይ ተቀስራ ዞረች። የዊንቹን እጀታ አዞርሁ። ሽቦው ተወጠረ፣ ግንዶቹ አቃሰቱ፣ የዊንቹ ጥርስ ቀጭ ቀጭ አለ። እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም። ይህን ሁሉ ዓመት ዊንች ያልነካው እጄ ሥራውን አልረሳም! ይማም ግራ እጁን ጨበጠ፤ ቆምሁ። ሞተሩ ተንጠልጥሏል፤ ጀልባዋ መውጣት ጀምራለች።

ጣና ከቀትር በኋላ ነፋስ እንደሚያስነሣ ዳኛቸው ነግሮን ነበር። እኛ ግን ግንዱን ስንተክል ቆይተን ሰዓቱ ሄዶብናል። አንድ ከባድ ማዕበል መጣ። ድምፁን ሰማሁ፤ ከዚያ ይማም ከድንጋዩ ዘሎ ሲወርድና ሞተሩ እንዳይወዛወዝ የታሰረበትን መመሪያ ገመድ በግራ እጁ ሲይዝ አየሁ። ገመዱ ሁለት እርምጃ ጎተተው። ወዲያው የአንዲት ሴት ጩኸት ሰማዩን ቀደደው፦ «ዳኛቸው!»

የሆነው ይህ ነው። ማዕበሉ ጀልባዋን መልሶ አምጥቶ የተንጠለጠለው ሞተር ሥር አስገባት። የሞተሩ እግር ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ተጫናት። ዳኛቸው ደግሞ ግንድ ሊደረድር ጎንበስ ባለበት እግሩ ከጀልባዋ ሥር ከድንጋይ ጋር ተያዘ። ውሃው ደረቱ ድረስ ነው፤ ማዕበል በመጣ ቁጥር አፉን ይሸፍነዋል። ሞተሩ ትንሽ ከፍ ቢል ጀልባዋ ትቀልና እግሩ ይወጣል። ዝቅ ቢል ግን ክብደቱ በሙሉ እሱ ላይ ነው።

እኔ ግን ከድንጋይ ክምሩ ኋላ ነኝ፤ ይህን አላይም። ሕዝቡ የተወጠረውን ሽቦ አይቶ፣ ዳኛቸውን የያዘው ሽቦው ነው ብሎ አሰበ። «ልቀቅ! ሽቦውን ልቀቅ!» የማይጮህ የለም። መምሬ አየነው ክምሩ ላይ ወጥተው መስቀላቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ልቀቀው አንተ ሰውዬ! ስለ እግዚአብሔር! እየገደልኸው ነው!»

ወደ ይማም አየሁ። ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ አንሥቷል። የተጨበጠ እጅ። ቁም።

«መምሬ፣ ቁም ተብያለሁ!»

«ማን ነው ቁም ያለህ? ሰው እየሞተ!»

ሁለት ጎልማሶች እጀታውን ሊነጥቁኝ እየሮጡ መጡ። ዊንቹን በሁለት እጄ አቀፍሁት። «ማንም እንዳይነካ!» ብዬ የጮህሁትን ጩኸት በዕድሜዬ ጮኼው አላውቅም። አንደኛው ትከሻዬን ያዘኝ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። አንድ ጊዜ ጩኸት ሰምቼ ሰው ቆርጫለሁ፤ ሁለተኛ አልሰማም፤ እጁ ቁም ካለ ቁም ነው! ግን ሰውየው ለምን ያለቅሳል? አዎ፣ ይማም አፉን ከፍቶ እየጮኸ፣ እያለቀሰ ነው። በነፋሱና በሕዝቡ ጩኸት ቃሉ አይሰማኝም፤ ይማም ሥራ ላይ አፉን ሲከፍት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንደገና እጁን አየሁ። የተጨበጠው እጅ ይንቀሳቀሳል። የቁም እጅ ደግሞ አይንቀሳቀስም! ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ። ይህ እጅ ከአንጓው ላይ ክብ እየሠራ ነው። ይሽከረከራል። ግራ እጁ ገመድ ይዞበታል፤ ጭንቀት ሲይዘው በድሮው እጁ፣ በድሮው ልማዱ፣ በድሮው ጣቱ ነው እየነገረኝ ያለው። ጣቷ ግን የለችም። እኔ ነኝ ያስቆረጥኋት።

አንሳ ነው የሚለው!

የያዘኝን ሰው በክርኔ ገፍቼ እጀታውን አዞርሁ። ወደ ላይ። «ወየው! አነሣው! ጨረሰው!» አለ ሕዝቡ። መምሬ አየነው ዓይናቸውን ሸፈኑ። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት፤ የዊንቹ ጥርስ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እኔ ከይማም አንጓ ዓይኔን አላነሣሁም። አራተኛው ላይ እጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቆለፍሁ።

«ወጣ! እግሩ ወጣ!» አለ አንድ ሰው ከውሃው ዳር። ከዚያ እልልታው!

ሮጬ ስደርስ ዳኛቸው ሣር ላይ ተጋድሞ ውሃ ያስላል። ቅልጥሙ ተሰብሯል፤ ሚስቱ ራሱን ታቅፋ ታለቅሳለች። ዓይኑን ገለጠና «ሞተሩ ወደቀ?» አለ። «ተንጠልጥሏል» ስንለው «ተመስገን» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። እግሩን በእንጨት አስረው በሌላ ጀልባ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት።

ሰዉ እኔን ከቦ ይስመኛል። መምሬ አየነው «ማረኝ ልጄ፣ ላስገድልህ ነበር» ይላሉ። ይማም ግን ብቻውን ቁጭ ብሎ ቀኝ እጁን ያያል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፤ ሁሉም እየሰማው። «ጣት እንደሌለኝ ረስቼ በጣት ነገርሁት። ያኔም አሰብ ላይ እንዲሁ አድርጌ ራሴን አስቆረጥሁ። ዛሬ ደግሞ ሰው ላስገድል! እኔ ድሮም ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሁም።»

እዚህ ላይ ከአሰብ እስከ ደቅ ስፈራው የኖርሁት ነገር ከአፌ ወጣ። ወይም እኔ አላወጣሁትም፤ መቻል ስላቃተኝ ወጣ።

«ይማም፣ ያኔ አንሳ አላልኸኝም። ቁም ነበር ያልኸኝ። በግራ እጅህ። አይቻለሁ። ካቦው ሲጮህ ፈርቼ አነሣሁ፤ ሲጠይቁኝ ደግሞ ዋሸሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ቁም ብዬህ ነበር?»

«ብለኸኝ ነበር።»

«በትክክል?»

«በትክክል።»

ይምታኝ ብዬ ቆምሁ። አልመታኝም። «ጣቶቹንስ ተዋቸው» አለኝ። «ሥራ ነው፣ ይቆርጣል። እኔ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ራሴን እንደ ደንቆሮ ስቆጥር ኖርሁ! ልጄ አባባ ምን ትሠራ ነበር ስትለኝ ሽንኩርት እከትፍ ነበር አልኋት! እዚያ ሻይ ላይ ስድስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠህ!» ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ሞተሩ አሁንም አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው። ማንም ሊነካው አልደፈረም፤ እኔም ያለ እሱ አልነካውም። ሰዉ እኔን ያያል፣ እሱን ያያል። ነፋሱ በረድ ሲል ጎልማሶቹ ጀልባዋን ስበው አወጡ፤ ግንዱንም ደረደሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሆነ በኋላ ይማም ተመለሰ፤ ማንንም ሳያይ ድንጋዩ ላይ ወጣ። እኔም ዊንቹ ዘንድ ሄድሁ። ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ቀኙን ዘረጋ። ከአጋማሿ የተቆረጠችዋን መሐል ጣቱን ወደ ታች ቀስሮ አሽከረከራት። አነበብኋት። አወረድሁ። ሞተሩ ግንዱ ላይ ሲያርፍ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ስንመለስ እሱ ጀልባዋ ፊት፣ እኔ ኋላ ተቀመጥን። ሦስት ቀን ጀልባ መነሻው ላይ አልመጣም። በአራተኛው ቀን መጣ፤ ሻይ አዘዘ፤ ሁለት ጊዜ ፉት አለና «ያኔ የዋሸሃቸው አለቆች ሞተዋል፤ ሄጄ አልከስህ። እጄን ምን እንደነካው የሚጠይቀኝ ሰው ግን አይጠፋም። ከእንግዲህ መልሱን የምትሰጠው አንተ ነህ» አለኝ። እሺ አልሁ።

እናንተ አንባቢዎች፣ ምክር አልሰጣችሁም፤ እኔ ለመምከር የምበቃ ሰው አይደለሁም። ይህን ብቻ እላችኋለሁ። በውሸቴ የወሰድሁበት ሁለት ጣትና አንድ የሥራ ቦታ ይመስለኝ ነበር። ሰውየው ስለ ራሱ የሚያስበውን ነው የወሰድሁበት፤ ያንንም ሳላውቅ አርባ ዓመት ይዤ ዞርሁ። ከደቅ ወዲህ የይማም አካሄድ ተለውጧል። ጀልባ ሲጫን ተነሥቶ ይቆማል፣ ያዛል፣ ይቆጣል፤ ባለ ጀልባዎቹም ይሰሙታል። ዳኛቸው በምርኩዝ መሄድ ጀምሯል፤ ደቅም ወፍጮው እየፈጨ ነው። እኔ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ሌሊት እተኛለሁ።

ትናንት ጀልባ መነሻው ላይ ያለው ሻይ ቤት አዲስ አስተናጋጅ ቀጠረ። ልጅቷ ብርጭቆውን ስታቀብለው እጁን አይታ ደነገጠች።

«ውይ አባባ! እጅዎን ምን ሆነው ነው?»

ይማም ሻዩን ፉት እያለ በአገጩ ወደ እኔ አመለከታት።

«እኔ ነኝ ያስቆረጥሁት» አልኋት። «እሱ ቁም ብሎኝ ነበር።»